ሰው ለማይኖርበት መሬት ኃላፊ፣ ከነዋሪው እናት

ለተከበሩ የሩቅ ሰሜን የተከለሉ መሬቶች ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ያሉበት ድረስ

ሰኔ 18 ቀን 1980 ዓ.ም.
ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ልጆችዎስ ደህና ናቸው? ልጆች ይኑርዎት አይኑርዎት አላውቅም። በላኩልኝ ሁለት ደብዳቤዎች ላይ ስለ ራስዎ የጻፉት ነገር ባይኖርም፣ ፊርማዎ ረጅምና ያማረ በመሆኑ፣ ቤቱ ሞልቶ ጠግቦ ያደረ ሰው ፊርማ ነው ብዬ ገምቻለሁ። አላህ ጤናዎን ያቆይልዎ፤ በተለይ እጅዎን ከቁርጥማት ይጠብቅልዎ። ይህን የምለው ከሁለተኛው ደብዳቤዎ ወዲህ ለጻፍኩልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላልመጣልኝ፣ እጅዎን አሞዎት ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ ነው።

እኔ ወይዘሮ ፋጡ ይማም እባላለሁ። አገሬ ወሎ ነው፤ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። የምጽፈው ቀስ ብዬ በመሆኑ ይህ ደብዳቤ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። እርስዎ በሁለት ደቂቃ ቢያነቡት ቅር አይለኝም። በአማርኛ የጻፍኩበት ምክንያት፣ እርስዎም እስከ ዛሬ በማላነበው ቋንቋ ሲጽፉልኝ ስለቆዩ ልማድዎን ለማክበር ብዬ ነው። ልጄ ራዲያ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ትልክልዎታለች። ዋናው ግን እዚህ ፌርፋክስ ላይ በጋሼ ዓለምሰገድ ሱቅ መስኮት ይለጠፋል። ስለዚህ እርስዎ ጊዜ ቢያጥርዎት እንኳ፣ ምስርና በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ስለሚያነበው ድካሜ ከንቱ አይቀርም።

ብዙ ወረቀት በእጅዎ ስለሚያልፍ ልጄን ላያስታውሱት ይችላሉና ላስታውስዎ። ዘይኑዲን ሰይድ ይባላል። በሱዳን በኩል ከአገር ወጥቶ ካናዳ ገባ፤ እኔን ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ እህቱ ራዲያ እዚህ አመጣችኝ። ከአገር ከወጣ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም፤ ድምፁን ግን በስልክ እሰማ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ ከቀያሾች ጋር ሥራ ያዘ። ሥራው ችካል መትከል ነበር። ለአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ለኢኑዊት ማኅበረሰብ፣ የተከለለውን መሬት ድንበር ቀያሾቹ ለክተው ያሳዩታል፣ እሱ ችካሉን ይመታል። ለስንቅ ወደ መንደር በወጡ ጊዜ ደውሎ፣ «እማ፣ እዚህ ዛፍ የሚባል ነገር የለም፤ ቀጥ ብሎ የቆመው እኔና የእኔ ችካል ብቻ ነው» ብሎኝ ስቋል። በነሐሴ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ጀልባው ተገለበጠ። የዚያ አገር ውሃ የሚገድለው በጥልቀቱ ሳይሆን በብርዱ ነው ብለውኛል። ጭጋጉ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አውሮፕላን አላሳርፍ ስላለ፣ ዓሣ ሊያደርቁ እዚያ ሰፍረው የነበሩ የኢኑዊት ሰዎች እዚያው ቀበሩት። መቃብሩ ያለው እሱ ራሱ በመታቸው በአርባ አንደኛውና በአርባ ሁለተኛው ችካል መካከል ነው። አርባ ሦስተኛውን ሌላ ሰው ነው የመታው።

ክቡርነትዎ ባለፈው ጥቅምት በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ ያ መሬት ለኢኑዊት ማኅበረሰብ የተከለለና ሰው የማይኖርበት በመሆኑ፣ ያለ ፈቃድ የተቀበረው አስከሬን መሬቱ በሚለሰልስበት በመጪው ሐምሌ ወጥቶ በስተደቡብ ወዳለ የከተማ መቃብር እንዲዛወር መወሰንዎን ገልጸውልኛል። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ልጄን ከተኛበት አያንሡብኝ። ልመናዬ ይኸው ነበር፤ በዚህ ላበቃው እችል ነበር። ነገር ግን በደብዳቤዎ ግርጌ አቤቱታ ሁሉ በተራ ቁጥር ተለይቶ መቅረብ እንዳለበት በትንንሽ ፊደል ስላሳሰቡኝ፣ እነሆ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የልጄን ሞት ስለነገሩበት የመጀመሪያ ደብዳቤዎ።

በእኛ ዘንድ ሞት ብቻውን ሰው ቤት አይገባም። መርዶ የሚባል ሥርዓት አለን። ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ሴቶች ከኋላ ተሰልፈው፣ ሰውየው ገና ከአልጋው ሳይወርድ ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ፤ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ከተዘጋጀ በኋላ ነው ቃሉ ከአፍ የሚወጣው። ክቡርነትዎ ግን በ1979 መስከረም፣ ረቡዕ ቀን፣ መስኮት ባለው ፖስታ ላኩልኝ። ቴምብሩ ላይ ወፍ ነበረበት፤ ስለ ወፏ አመሰግናለሁ።

ራዲያ ያን ሰዓት ኢንግልዉድ በኩል ኤርፖርቱ ጋ ሥራ ላይ ስለነበረች፣ ፖስታውን ይዤ ወደ ጋሼ ዓለምሰገድ ሱቅ ሄድኩ። ጋሼ ዓለምሰገድ አዲስ አበባ ሳሉ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ አሁን እህልና ቅመም የሚሸጡ፣ የሰፈሩን ሁሉ ደብዳቤ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ የሚያነቡ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ምስር መመዘን ጀመሩ። ምስር የጠየቀ ሰው ሱቁ ውስጥ አልነበረም።

«ምን ይላል ጋሼ?» ብላቸው፣ «ስለ መሬት ነው እትዬ ፋጡ» አሉኝ። በእርሳቸው አልፈርድም። ኋላ ራዲያ ስትቆጥረው፣ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ መሬት የሚለው ቃል ስድስት ጊዜ፣ የልጄ ስም ግን አንድ ጊዜ ነበረ። ለአንዲት እናት ብቻዋን ባንኮኒ ተደግፋ ቆማ ሳለች መርዶ መንገር በእርሳቸውም ሃይማኖት ነውር ስለሆነ፣ ጋሼ ዓለምሰገድ ከስድስቱ አንዱን ቃል ይዘው ሊያሸሹኝ ሞከሩ።

እኔ ግን አልሸሽ አልኩ። «የምን መሬት? መሬት ሰጡት እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እያመነቱ፣ «አዎ፤ ቦታ ተሰጥቶታል ይላል» አሉ። ስንት ጋሻ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። በጋሻ እንደማይለካ፣ ሰፊ እንደሆነ ነገሩኝ። ውሃ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ምስሩን ትኩር ብለው እያዩ፣ «አለው እትዬ ፋጡ፣ ውሃስ አለው» አሉ። ጎረቤቱስ እንዴት ያለ ነው ብላቸው፣ ሰው እንደማይኖርበት ተጽፏል አሉኝ። «ሰው ከሌለበትማ እሰየው! ድንበር የሚገፋው የለም» አልኩና እልል አልኩ። ሱቁ ውስጥ ሆኜ ነው እልል ያልኩት። ጋሼ ዓለምሰገድ ወደ ጓዳ ገብተው ቆዩ።

እርስዎ የመሬት ሰው ስለሆኑ ይህ ደስታ ይገባዎታል ብዬ አምናለሁ። የዘይኑዲን አባት ሰይድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ምርቱን ለባለመሬቱ እያካፈለ፣ በበዓል ቀን ሙክት እየሳበ፣ ድንበር በተገፋ ቁጥር የሚወቀሰው እሱ ነበር። የዚያ ሰው ልጅ በሩቅ አገር ጎረቤት የሌለው መሬት አገኘ ሲሉኝ፣ ሐሙስ ዕለት ለማውቃቸው ሁሉ ደወልኩ። ለጎረቤቴ ለሳብሪያ ልጆች ከመሬቱ ጥግ ጥጉን ሰጠሁ። ገብስ ብርድ ይችላል ብዬ፣ ዓርብ ዕለት ጋሼ ዓለምሰገድ ዘንድ ሄጄ ለልጄ የሚላክ የዘር ገብስ አዘዝኩ። አንድ ፍሬ እንክርዳድ ሳያስቀሩ ለቅመው በንጹሕ ከረጢት ሰጡኝ። ቅዳሜ ዕለት የምስጋና ዱዓ አደረግሁ።

ወደዚያ ዱዓ ሰዉ ሁሉ መጣ። ራዲያም ነበረች፤ ረቡዕ ማታ ጋሼ ዓለምሰገድ ነግረዋት ኖሯል። የመርዶው ቀን እሑድ ጎህ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር፤ ምክንያቱም ሽማግሌዎቹ ታክሲ የሚነዱና መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠሩ በመሆናቸው ከእሑድ በፊት በአንድ ሰዓት መሰብሰብ አይችሉም ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ቢቀሩ እጠረጥራለሁ ብለው መጡ። በልተው ጠጥተው፣ ለልጄ መሬት በረከትን እንዲያወርድ ሼህ አብዱልባሲጥ ዱዓ ሲያደርጉ፣ ሁሉም አሚን አሉ። ብዙዎቹ አለቀሱ። የደስታ እንባ መስሎኝ መሐረብ አዞርኩላቸው። ሳብሪያ ወጥ ቤት ገብታ መውጣት ስላቃታት፣ ልጆቿ የሰጠኋቸው ጥግ አንሷቸው ተከፍታ ይሆናል ብዬ፣ ገብቼ ትንሽ ጨመርኩላቸው።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ፣ ሼህ አብዱልባሲጥ ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላቸው፣ ሴቶቹ ደረጃው ላይ ቆመዋል፤ ጋሼ ዓለምሰገድም ከሁሉ መጨረሻ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ሳይ፣ ክቡር ሆይ፣ መሬቱን ለመካፈል የመጡ መሰለኝ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ተራ ቁጥር የማቀርበው አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው። በደብዳቤዎ ቸርነት ከረቡዕ እስከ እሑድ አራት ቀን ሙሉ የባለመሬት እናት ሆኜ ኖሬአለሁ። ሰይድ ይህን ሳያይ ሞቷል። ጋሼ ዓለምሰገድ ከአርባው በኋላ መጥተው፣ «እትዬ ፋጡ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ስለ መሬቱ ግን አልዋሸሁም» አሉኝ። እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ ተቀብያቸዋለሁ። ሁለተኛው ደብዳቤዎ ሲመጣ ነው፣ መሬቱንም ከልጄ ላይ ለመውሰድ ማሰብዎን ያወቅሁት።

ሁለተኛ፤ ስለ ነዋሪዎች ፈቃድ።

ልጄ ከቦታው የማይነሣው፣ በመሬቱ ላይ የሚኖሩ ሰዎች መስማማታቸውን በፎርም ላይ ፈርመው ካቀረቡ ብቻ እንደሆነ ጽፈውልኛል፤ ፎርሙንም አያይዘው ልከውልኛል። ይህ በጎ አሳብ ነው። የሰው አገር ሲገቡ የአገሩን ሰው ማስፈቀድ እኛም ዘንድ ያለ ደንብ ነው። ስለዚህ በባሕሩ ዳርቻ ባለው መንደር ለምትኖረው ለኤሊሳፒ አስጻፍኩ። ኤሊሳፒን ላስተዋውቅዎት፤ ቢሮዎ ስለ እርሷ መሬት ነው የተቋቋመው፣ ግን ያላገኟት ይመስለኛል። ባሏ ጆሃኒ የቀያሾቹን ጀልባ የሚነዳው ሰው ነው፤ ልጄን ከውሃ ያወጣውም የቀበረውም እሱ ነው። አድራሻዬን ከልጄ ደብተር ውስጥ አግኝታ፣ ደብተሩን ከደብዳቤ ጋር የላከችልኝ እሷ ናት። የእነርሱም ቋንቋ የራሱ ፊደል አለው፤ ስመለከተው እንደ እኛው አንዱ ምልክት ቅርጹን እየለዋወጠ ድምፁን የሚቀይር መሰለኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰሜን የመጣ ወረቀት አላስፈራኝም። ከሥሩ የመንደሩ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ትጽፍበታለች፣ ራዲያ ታነብልኛለች።

ኤሊሳፒ ነገሩን ለመንደሩ ሸንጎ አቀረበችው። አርባ ሦስት ሰዎች፣ ልጁ በሰላም ይተኛ ብለው ፈረሙ። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ደግሞ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ወረቀቱን ከኅዳሩ ደብዳቤዬ ጋር ላክሁልዎ። ለደብዳቤው መልስ ባይሰጡም፣ ወረቀቱ «ፈራሚዎቹ በተባለው መሬት ላይ ነዋሪ አይደሉም» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ። መንደሩ ከመሬቱ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ነው። ማኅተሙ ቀጥ ብሎ የተመታ፣ ቀለሙም ያልፈሰሰ ነበር።

ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ፣ ይህን ነገር በደንብ ለመረዳት ብዙ ቀን ወስዶብኛል። የተረዳሁት ይህን ነው። መሬቱ የኢኑዊቶች ነው፤ ስለዚህ እኔ ልጠየቅ አልችልም። ኢኑዊቶቹ እዚያ አይኖሩም፤ ስለዚህ እነርሱም ሊጠየቁ አይችሉም። የሚጠየቁት እዚያ የሚኖሩት ናቸው፤ እዚያ ደግሞ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ሰው በሌለበት ምድር ላይ የሚጠየቅ ሰው ታጥቶ ልጄ ይነሣል። የወሎ ባለመሬቶች ጢሰኛ ለማስለቀቅ ብዙ መላ ነበራቸው፤ ይህን ያህል የተጠረበ መላ ግን አንዳቸውም አላገኙም ነበር። ሰይድ ቢሰማ ያደንቅዎ ነበር።

ደግሞስ ክቡር ሆይ፣ እውነት ሰው አይኖርበትም? ኤሊሳፒ እንደጻፈችልኝ፣ ቤተሰቧ በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ እዚያ ይወርዳል፤ አያቷ ድንኳን ይተክሉበት የነበረው የድንጋይ ክብ እስከ ዛሬ አለ፤ አባቷ፣ አያቷና በልጅነቱ የሞተ ወንድሟ እዚያው ተቀብረዋል። መቃብሩን እንዲያዩ የላኳቸው መርማሪ ከፎርሙ ጋር በደረሰኝ ሪፖርታቸው «የድንጋይ ክምር፣ ሦስት» ብለው መዝግበዋቸዋል። በዚያች በተባረከች ሳምንት ያዘጋጀሁትን የዘር ገብስም ለኤሊሳፒ ልኬላት ነበር። በልጄ ራስጌ ዘራችው፤ አራት ጣት ያህል በቅሎ ዝይዎች በሉት። ዝይዎቹም ነዋሪ ስላልሆኑ ማንን እንደምከስ አላወቅሁም።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥቁሩ ቋጥኝ።

ይህን በሪፖርትዎ ላይ አያገኙትም፤ እኔም ጆሃኒ ባያስነግረኝ አላውቀውም ነበር። ልጄ ከቀያሾቹ ጋር ሲሠራ በቀን አምስት ጊዜ ይሰግድ ነበር። ቂብላው፣ ወደ መካ ዞረን የምንሰግድበት አቅጣጫ፣ በየት በኩል እንደሆነ ከሰዎቹ ጋር በካርታቸው ፈልጎ፣ ከወንዙ ማዶ ያለች አንዲት ጥቁር ቋጥኝ ምልክት አደረገ። ከሰፈራቸው ሆኖ፣ ያችን ቋጥኝ እያየ ወደ እርሷ አቅጣጫ ይቆማል። ጆሃኒ ሃይማኖታችንን አያውቅም፤ ምን እንደሚባል እንኳ ጠይቆት አያውቅም። ግን ሦስት ወር ሙሉ ልጄ ወዴት ዞሮ ግንባሩን እንደሚደፋ አይቷል። የቀበሩት ዕለት ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ሊያስተኙት ሲሉ፣ ጆሃኒ «እንደዚያ አይደለም፤ ይህ ልጅ የሚያየው ወደዚያ ነው» ብሎ፣ በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ ፊቱን ወደ ጥቁሩ ቋጥኝ አዞረው።

ያስተማረው ሼህ የለም። የጠየቀው ሰው የለም። የተሞላ ፎርም የለም። እኔ እናቱ እዚያ ብሆን ኖሮ የማደርገውን አንድ የማላውቀው ሰው አደረገልኝ። ሊያዛውሩበት ያሰቡትን የከተማ መቃብር ራዲያ ደውላ ጠይቃለች። መቃብሮቹ ሁሉ ወደ መኪናው መንገድ የዞሩ፣ በመስመር የተደረደሩ፣ ሣሩም በየሳምንቱ የሚታጨድ እንደሆነ በትሕትና ነግረዋታል። ለሣሩ አመሰግናለሁ። ልጄ ግን ሣር አልጎደለበትም።

አራተኛ፤

አራተኛውን ጽፌው ነበር። ራዲያ አንብባ «እማዬ፣ ይኼ እኮ ስድብ ነው፤ ተይው» ስላለችኝ ሰርዤዋለሁ። የተራ ቁጥሩ እንዳይዛባብዎ ብዬ ቦታውን ትቼለታለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ዝምታዎ።

እኔ የተዳርኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። በእኛ ደንብ ልጅቱ ሳትጠየቅ ኒካህ አይታሰርም። ሽማግሌዎቹ ከመጋረጃ ውጭ ቆመው፣ «ፋጡ፣ ሰይድን ፈቅደሻል?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። አፍሬ ሦስቱንም ጊዜ ዝም አልኩ። ዝም ያለች ፈቀደች ተብሎ ኒካሁ ታሰረ፤ በዚያች ዝምታዬ ሃያ ስድስት ዓመት ተዳድሬ ሁለት ልጅ ወልጄባታለሁ። ማንም መጥቶ፣ አልተናገርሽም ነበር፣ ይፍረስ ያለኝ የለም።

እርስዎንም በኅዳር፣ በጥርና በመጋቢት ጠየቅሁዎ። ሦስቱንም ጊዜ፣ ልጄ ባለበት ይቆይ ወይ፣ ስሙ ያለበት ድንጋይስ ይቁምለት ወይ ስል ጻፍኩልዎ። ሦስቱንም ጊዜ ዝም አሉ። ሐፍረት ይዞዎት እንደሆነ ተረዳሁ። ስለዚህ ፈቃድዎን ተቀብዬ፣ ስሙን በወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፌ ለጆሃኒ ላክሁለት። ጆሃኒ የማያነበውን ፊደል አንድ በአንድ እያየ በድንጋይ ላይ ቀረጸው። ሚያዝያ ላይ በረዶው ገና ሳይላላ፣ በሸርተቴ ጎትተው ሰማንያውን ኪሎ ሜትር ወስደው በአርባ አንደኛውና በአርባ ሁለተኛው ችካል መካከል አቆሙት። ፎቶግራፉ ደርሶኛል። ዙሪያው ሁሉ ገና በበረዶ ነጭ ስለሆነ፣ ልጄ እንዳለው፣ ቀጥ ብሎ የቆመው እሱና ችካሉ ብቻ ነው።

ስለ ፈቃድዎ አላህ ይስጥልኝ። ፈቃድዎን መልሰው ይወስዳሉ ብዬ አልሰጋም፤ እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው የታሰረ ኒካህ አያፈርስም።

በመጨረሻም፣ የላኩልኝን ፎርም ሞልቼ ከዚህ ጋር መልሼልዎታለሁ። «በመሬቱ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት» በሚለው ቦታ «አራት፤ ሦስቱ ነባር፣ አንዱ መጤ» ብዬ ጽፌአለሁ። ሦስቱን ኤሊሳፒ አስፈቅዳልኛለች። «መጤው በምን ሥራ ተሰማርቶ ይገኛል» ለሚለውም፣ ድንበር ጠባቂ ብዬ ሞልቻለሁ፤ ችካሎቹን የመታው እሱ ስለሆነ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቃቸው የለም። የፊርማውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ፊርማ ከፈለጉ፣ አርባ ሁለቱም ችካሎች ላይ የመዶሻው ምት አለ።

ቤትዎ ሞቆ፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ ብዙ ዘመን ያኑርዎ። ለሞተው ልጄ መሬት ሰጥተው መልሰው ለመውሰድ ለደከሙት ድካም፣ ለወፏ ቴምብር፣ ለማኅተሙ ቀጥ ማለትና ለሦስቱ ዝምታዎች በአክብሮት እጅ እየነሣሁ፣

ሰው በማይኖርበት መሬት ላይ የሚኖረው የዘይኑዲን ሰይድ እናት፣
ፋጡ ይማም

ማስታወሻ፤

ውሳኔዎ ጸንቶ መርማሪዎን በሐምሌ ወደዚያ የሚልኩ ከሆነ፣ አንዲት ነገር ይንገሩልኝ። በእኛ ደንብ ሰው መቃብር ሲገባ፣ የሰው ቤት እንደገባ ሁሉ ቆም ብሎ፣ «የዚህ ቤት ነዋሪዎች ሆይ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን» ብሎ ነው የሚያልፈው። አካፋቸውን መሬት አስቀምጠው እንዲህ ይበሉ። መልስ ባይሰሙ ግን ቅር እንዳይላቸው። እኔም ሦስት ጊዜ ሰላም ብዬ ከጽሕፈት ቤትዎ መልስ አላገኘሁም፤ ልጄ ግን መልስ የማይሰጥበት ምክንያት አለው።